አልማዝ ባለጭራ ገጠመባት የተባልኩበት ቀን

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው። ሽማግሌዎቹን "እኔም የምለው አለኝ፣ አንድ ቀን ዕድል ስጡኝ" ብዬ ስጨቀጭቅ ከርሜ፣ ይኸው ተራዬ ሲደርስ ማይኩን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆሜያለሁ። አትሳቁ! በርበሬ ሻጯ ይታይሽ አፍ አጣች ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። ገበያ ላይ ስጮህ ውዬ ስጮህ የምገባ ሴት መሆኔን ግማሾቻችሁ ታውቃላችሁ። ማይክ ስይዝ ግን ምላሴ ተሳሰረ። እስቲ አሜን በሉና አበርቱኝ። አሜን! ክብር ለስሙ ይሁን!

የማታውቁኝም ስላላችሁ ትንሽ ልበል። የተወለድኩት ቋሪት ነው፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ። ቡሬ የመጣሁት በትዳር ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ በርበሬ እየገዛሁ፣ ዛላውን እያስቀነጠስኩ፣ እያስፈጨሁ፣ አንዲት ልጄን አሳደግሁ፤ አሁን ፍኖተ ሰላም ባለትዳር ናት። ሰው አልፈራም። ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ቢገጥመኝ ጆንያውን ከነሰውየው የምገለብጥ ነበርኩ። እናንተ የማታውቁት ግን፣ በውስጤ ፈሪ ነበርኩ፤ የማይታየውን የምፈራ። ሰማይ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር የምገባ ሴት ነኝ። የሰው ዓይን እፈራለሁ፣ ጉጉት ስትጮህ እፈራለሁ፣ ክፉ ሕልም ካየሁ ያን ቀን ገበያ አልወጣም። የእግዚአብሔርንም ስም ከአፌ አልለይም ነበር፤ ግን የምጠራው እንዳይመታኝ ነው። ዱላ ይዞ በር ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር እንጂ የሚወደኝ አይመስለኝም ነበር። አያሳዝንም? ጌታ ይቅር ይበለን።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን አንድ በሽታ ነበር፤ አልማዝ ባለጭራ የሚባለውን። ስሙን ስጠራው ዛሬም ፀጉሬ ይቆማል። ልጅ ሳለሁ አባቴ እህት ነበረችው፣ አክስቴ ናት። ወገቧ ላይ ወጣባት። "ዞሮ ዞሮ ጫፍና ጫፉ ገጠመና ገደላት" ተባለ። እኛን ትንንሾቹን ወደ ቤት አላስገቡንም፤ ከጓሮ ሆነን ለቅሶውን ብቻ ሰማን። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የተባለው ሁሉ ሕግ ሆነ፦ ጭራው ራሱን ካገኘ ሰው አይተርፍም፣ መርፌ ከነካው ደግሞ በዚያው ሰዓት ይገድላል፣ ስሙን ደጋግሞ የጠራው ራሱ ላይ ይጠራዋል። አትሳቁብኝ እንጂ! ከእናንተም መሃል ይህን የሰማ አለ፤ ፊታችሁን እያየሁት ነው።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው በበርበሬ ወቅት ነው። ቀኝ ጎኔን፣ ከኋላ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ቅጥል አደረገኝ። መጀመሪያ ጆንያ ሳነሳ ተጎድቼ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሲለበልበኝ ምን ብል ጥሩ ነው? በርበሬ ነው አልኩ! የበርበሬ ብናኝ በቀሚሴ ገብቶ ገላዬን ያቃጠለኝ መስሎኝ በእርጎ አሸሁት። እርጎው ምን ያደርግ፣ ከውስጥ ነው የሚነደው። ቀሚስ ሲነካኝ እሳት ነው፣ ነፋስ ሲነካኝ እሳት ነው፤ ራሴን ያመኛል፣ ሰውነቴ ድቅቅ ብሏል፣ ትኩሳት ቢጤም አለኝ። ቆዳዬ ላይ ግን ምንም የሚታይ የለም። "ይቺ ሴት ሥራ ጠልታ ነው" ሊሉኝ ነው ብዬ ለማንም ሳልነግር ሰነበትኩ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ቆዳዬ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍሬዎች ተኮልኩለው ወጡ። በእጄ ስዳስሳቸው ደሜ ቀዘቀዘ። ለማየት አልደፈርኩም። ታላቅ እህቴን ከቋሪት በስልክ ጠራኋት። ደብሬ ትባላለች፣ እኔ እታለም ነው የምላት። ሚኒባስ ተሳፍራ መጣች። ቀሚሴን ገለብ አድርጋ ገና ከማየቷ፦

"በስመ አብ! ይታይሽ፣ አልማዝ ነው እኮ!" አለች።

"ስሙን አትጥሪው!"

"ሸረሪት ሸንቶብሽ ነው። የት ተኛሽ? በርበሬ ማድጋ አጠገብ ተኝተሽ ነው አይደል?"

"እታለም፣ እሱን ተይው። ጭራው የት ደርሷል?"

ወገኖቼ፣ የጠየቅሁት ይህን ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል አላልኩም፣ ሐኪም ቤት ልሂድ አላልኩም። ጭራው የት ደርሷል ነው ያልኩት። ከጀርባዬ አጥንት ተነስቶ በቀኝ ጎኔ ዞሮ ወደ እምብርቴ እየመጣ ነበር። እህቴ የወገቤን መቀነት ፈትታ ጣለችው፤ መንገድ ያሳየዋል አለች። እኔም አመንኳት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ገና ዓይኔን ስገልጥ "ስንት ቀረው?" እላታለሁ፤ እሷ በስንዝሯ ትለካለች። "ገና ነው፣ አይዞሽ" ትለኛለች። ሌላ ቀን "አንድ ስንዝር" ትለኛለች። ሌላ ቀን ደግሞ በጣቷ ትለካና ቀሚሴን መልሳ ትሸፍነዋለች። ያኔ ነው የሚብሰው። ምግብ አልወርድልኝ አለ። ሞቴ በሆዴ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፤ በቀስታ፣ እየተጋደመ፣ እንደ አባጨጓሬ።

እህቴ ከገጠር አንድ መድኃኒት አውቃለሁ የሚል ሰው አስጠራች። ቅጠል ወቅጦ አመጣና "ከፊቱ ቀድሜ መንገዱን እዘጋዋለሁ" ብሎ ከእምብርቴ ወዲህም ወዲያም ለቀለቀኝ። ወይኔ ወገኖቼ! በርበሬ ስደቁስ የኖርኩት እኔ እንዲህ ያለ ማቃጠል አላውቅም። ሰውየው ሲወጣ በር ላይ ቆሞ "መርፌ እንዳታስነኳት፣ ከነካት አለቀላት" ብሎ አስጠንቅቆ ሄደ።

ሰናይትን ታውቋታላችሁ፣ ይህችው ከፊት የተቀመጠችው። አንገትሽን አትድፊ እንጂ! መምህርት ናት፣ ከወሎ ተመድባ መጥታ እኔ ግቢ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ያኔ እሷ ጌታን የምታምን፣ እኔ ደግሞ ስለሷ ሃይማኖት ደስ የማይለኝ አከራይ ነበርኩ። መታመሜን ሰምታ መጣችና በር ላይ ቆማ፦

"እትዬ ይታይሽ፣ ይሄ በሽታ መድኃኒት አለው። ቶሎ ሲጀመር ነው የሚበጀው። ነገ ማለዳ ጤና ጣቢያ ልውሰድዎት?" አለችኝ።

"መርፌ ልታስወጊኝ? ልትገይኝ ነው?" ብዬ ጮኽኩባት።

"እሺ፣ አልወስድዎትም። ልጸልይልዎትስ?"

"ሂጂ ወዲያ!"

ሄደች። ግን ከደጃፌ አላለፈችም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃዬ ላይ ቁጭ ትልና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጸልያለች። "ይታይሽ" ስትል እሰማለሁ፤ ስሜን እየጠራች ነው። እኔ ያን ጊዜ እግዚአብሔር ስሜን ባያውቀው ደስ የሚለኝ ሰው ነበርኩ፣ እሷ ደጋግማ ትነግረዋለች! "ቀስ በይ አንቺ ልጅ፣ ራሴን አታዙሪው" እላታለሁ ከውስጥ ሆኜ። ዝም ስትል ደግሞ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄደች ወይስ አለች ብዬ አዳምጣለሁ። ጌታ ሲፈልግ እንዲህ ነው፤ ሃሌ ሉያ!

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ጠዋት ነው። እህቴ እንደ ልማዷ ቀሚሴን ገለበችና እጇ ሆዴ ላይ ደርቆ ቀረ። ጣቷ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ።

"እታለም፣ ስንት ቀረው?"

በሌላ እጇ ራሷን ያዘች።

"እታለም!"

"ወየው እህቴን! ገጠመ! በግራም ዞሮ ወጥቷል፣ ገጥሟል!"

ወገኖቼ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጆሮዬ ጭው አለ። እጄን ሰደድኩ፤ እውነትም በግራ በኩል፣ ምንም ባልነበረበት ቦታ፣ ውሃ ቋጥሮ አበጥ ብሎ ዳሰስኩት። በቃ ሞትኩ አልኩ። አሁን ነው፣ በዚህች ደቂቃ ነው አልኩ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ዝም በሉ ትላለች፣ ከበር ውጭ ደግሞ "የዕድሩ ድንኳን ማን ቤት ነው ያለው?" ሲባባሉ በጆሮዬ እሰማለሁ። ገና በሕይወት እያለሁ! ለአንዷ ወንፊቴን ተናዘዝኩላት፣ ለአንዷ ድስቴን። ልጄን ጥሩልኝ ብል እህቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። "እርጉዝ ናት፣ ደንግጣ ታስወርደው?" አለች። ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። ያኔ ነው አምርሬ ያለቀስኩት። ልጄን ሳላይ ልሞት ነው ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩና ሞትን መጠበቅ ጀመርኩ። ከእግሬ ይጀምር ይሆን? ከልቤ? ልቤ ድው ባለ ቁጥር ይቺ የመጨረሻዋ ናት እላለሁ። ሌላ ድው ይላል። ደግሞ ያቺን እፈራለሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ጠላትም አይየው፤ ተኝቼ ላብ በላብ ሆኜ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ጥበቃ ብቻ።

ረፈደ። ፀሐይ በመስኮት ገባች። አልሞትኩም። እኩለ ቀን ሆነ። አሁንም አልሞትኩም። ከዚያ ምን ሆንኩ? ራበኝ!

"እታለም፣ ራበኝ" አልኳት።

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል!" አለችኝ። ለሞቴ የመጣውን ሰው አፍራ እኮ ነው! ሳቁ፣ አሁን ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ። ያኔ ግን ማንም አልሳቀም።

ሰናይት ከትምህርት ቤት ተመለሰች፣ ሰዉን አይታ ደንግጣ ገባች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ ይታይሽ፣ ምን ተፈጠረ?"

"ገጠመ።"

"መቼ?"

"ከጠዋት።"

"ታዲያ አሉ እኮ።"

"ማታ ይሆናላ" አልኳት። ምን ልበል ሌላ? ፍርሃት እኮ እንዲህ ነው ወገኖቼ፣ አንዱ ሰዓት ሲያልፍ ሌላ ሰዓት ይቀጥርላችኋል።

አልሳቀችብኝም። እጄን ያዘችና "ሞቱን ነው የሚፈሩት?" አለችኝ። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም ስንት ቀረው ነበር የሚለው። እውነቱን ነገርኳት። "ሞቱን አይደለም። ከሞቱ ኋላ የሚጠብቀኝን ነው" አልኳት። "ዱላ ይዞ ቆሟል" አልኳት። ሰናይት ዓይኗ እንባ ሞላ። "እትዬ ይታይሽ፣ እሱ እርስዎን የሚጠብቅዎት በዱላ አይደለም። ዱላውን እሱ ተቀበለው። ኢየሱስ ለእርስዎ ብሎ ተመታ፤ ምኑን ይዞ ይመታዎታል?" አለችኝ።

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልሰማው ቀርቼ አይደለም። ስቅለት በመጣ ቁጥር ሰግጃለሁ፣ አልቅሻለሁ። ያን ቀን ግን ለኔ ለይታይሽ የተነገረ ሆኖ ገባኝ። እህቴ ከጎኔ እያለች፣ ጎረቤት እየሰማ፣ አፌን ከፈትኩ። ጸሎት አላውቅበትም። "ኢየሱስ ሆይ፣ ይታይሽ ነኝ። በጣም ፈርቻለሁ። የአንተ መሆን እፈልጋለሁ፣ ያዘኝ" አልኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ክብር ለጌታ ይሁን! ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም፣ ጎኔ እንደነደደ ነው። ፍርሃቱም ሙልጭ ብሎ አልጠፋም፤ የጠፋው ብቻዬን መሆኔ ነው። አንድ ሰው አብሮኝ ገብቶ አጠገቤ የተኛ መሰለኝ። አሜን በሉ እንጂ!

ከዚያ ሰናይት "ነገ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንሂድ፤ ልጅዎትም እዚያው አለች" አለችኝ። ልጄን አይቼ ልሙት ብዬ እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሄድኩት ለመዳን ብዬ አይደለም፤ ለመሰናበት ነው። መንገዱ እንደምታውቁት አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው፤ በማግስቱ ክፍት ሆኖ ሚኒባስ አገኘን። እህቴም "ሬሳሽን ይዤ ልመለስ" ብላ እያለቀሰች ተከተለችን። መኪናው በዘለለ ቁጥር እኔ እጮሃለሁ፣ ሾፌሩ "ምን ይዛችሁ ነው?" ይላል፣ ሰናይት "ትንሽ አሟቸው ነው" ትላለች።

ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም አገኘችን፣ የልጄ እኩያ ብትሆን ነው። የተለቀለቀውን ቅጠል በውሃ እያራሰች ቀስ ብላ አነሳችው። ረጅም ሰዓት አየችና፦

"እናቴ፣ በግራ በኩል ያለው ይሄ ምንድነው?" አለች።

እህቴ ቀደመቻት። "ገጥሞ ነዋ፣ ዶክተር።"

"አልገጠመም። ይሄ የቃጠሎ ቁስል ነው። የቀባችኋቸው ቅጠል ነው ያቃጠላቸው፤ መግልም ይዟል። በሽታውማ ይኸውልዎት፣ እምብርትዎ ላይ ሲደርስ ቆሟል።"

"ቆሟል?" አልኩ።

"የሚሄደው በነርቭ መስመር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባንድ ወገን ብቻ ነው የሚወጣው፣ የሰውነትን መሃል አይሻገርም። ሁለት ወገን የሚወጣበት ሰው አልፎ አልፎ ይኖራል፤ እሱም ቢሆን ጫፍና ጫፉ ገጠመ ተብሎ አይሞትም።"

ሃሌ ሉያ! እኔ ሞቴን በስንዝር ሳስለካ፣ ለካ ድንበር ተበጅቶለት ኖሯል! ማን አበጀው? እኔ ሳልፈጠር በፊት ገላዬን የሠራው ነዋ! እልል በሉልኝ!

ከዚያ ሐኪሟ "በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል?" አለችኝ። እኔ አላስታውስም። እህቴ ግን "እንዴታ! ለሁለታችንም ነው የወጣብን፤ እናታችን ባንድ አጎዛ ላይ አስተኝታ፣ እንዳናክ እጃችንን በጨርቅ ጠቅልላ ነው ያሳደረችን" አለች። ሐኪሟ ነገረችን። ጉድፍ መላ ሰውነት ላይ ውሃ እየቋጠረ፣ እያሳከከ፣ ከትኩሳት ጋር ይወጣል፤ ልጅ ላይ ብዙውን ጊዜ ቀሎ ያልፋል። ቁስሉ ሲድን ግን ዘሩ ከገላ አይወጣም። በነርቭ ሥር ተደብቆ ስንት ዘመን ይተኛል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይ ሌላ በሽታ ሰውነትን ሲያደክመው፣ ይነቃና ባንድ መስመር ይወጣል፤ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው እሱ ነው። ሸረሪትም አልሸናብኝም፣ ሰውም አላደረገብኝም።

እህቴ አፏን ይዛ "ታዲያ እኔም ውስጥ ተኝቷል በሉኛ?" አለች።

"አዎ እናቴ፣ እርስዎም ጋ አለ። ብዙ ሰው ላይ ግን ሳይነቃ ይቀራል።"

እህቴ ብድግ ብላ ጎኗን በእጇ ያዘችው! ዛሬም ሲያሳክካት ትደውልልኛለች።

እዚያው እንደቆምን ነው እንግዲህ እህቴን የጠየቅኳት። "እታለም፣ የአክስታችንስ? ገጠመባት ያላችሁት?" አልኳት። እሷ ከኔ ስለምትበልጥ ለአክስቴ ውሃ ለማቀበል ትገባ ነበር። እሷም "እኔም አላየሁትም፣ ተጠቅልላ ነበር። ሲሉ ሰማሁ እንጂ" አለች። ወገኖቼ፣ ዕድሜዬን በሙሉ የፈራሁትን ነገር ያየ ሰው አልነበረም!

ሐኪሟ ደም እንመርምር አለች፤ ስኳሩንም፣ ኤች አይ ቪውንም። ይኼኛው ደግሞ ሌላ ፍርሃት! "ቢገኝብዎትም መድኃኒት አለው፣ ሰው ተሸክሞት በጤና ይኖራል፤ ማወቁ ነው የሚጠቅመው" አለችኝ። ጣቴን ጫር አድርገው ወሰዱ። ኤች አይ ቪ የለብኝም፤ ስኳር ግን ነበረብኝ፣ ሳላውቀው። ሰውነቴን ያደከመው እሱ ሳይሆን አይቀርም አለችኝ።

ልጄን ላስጠራ ስል ደግሞ ከለከለችኝ። "ልጅዎ ጉድፍ ወጥቶባት ያውቃል?" አለች። አልወጣባትም። "እንግዲያው ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪያበጅ አትጠጋዎት። ውሃው ከነካት እሷን ጉድፍ ሊይዛት ይችላል፤ ለእርጉዝና ለጨቅላ ደግሞ ከባድ ነው።" ከሩቅ ብቻ ትየኝ ተብሎ ተደወለላትና ልጄ መጥታ ከግቢው ማዶ፣ ከዛፉ ሥር ሆና ሆዷን ይዛ አየችኝ። እጇን አወዛወዘች። እኔም በመስኮት አወዛወዝኩ። ለመሰናበት የመጣሁት ሴት ያን ጊዜ መሞት አስጠላኝ፤ ያንን ልጅ አቅፌ ማየት ፈለግሁ።

ይህን ስመኝ ነው ነርሱ መርፌ ይዞ የገባው።

ለበሽታው እንክብል ሰጥተውኛል፤ ይሄኛው ለመግሉ ነው፣ ለትኩሳቱ ነው ብለው አስረዱኝ። እኔ ግን የሚታየኝ መርፌው ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የነገርኳችሁ ፍርሃት ሁሉ ተሰብስቦ እዚያች ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እህቴ ተነስታ የነርሱን እጅ ያዘች። "አይሆንም! እንክብሉን ስጧት፣ መርፌ ከነካት አለቀላት! በማርያም ይዤሃለሁ ልጄ!" አለች። ነርሱ ወደኔ አየ። "እናቴ፣ ካልፈቀዱ አልወጋም" አለ። ሰናይት እንኳ ይወጉ አላለችኝም። ውሳኔው የኔ ሆነ።

ወገኖቼ፣ እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ነው የነበረኝ። ባንድ ወገን ከአክስቴ ሞት ጀምሮ የገነባሁት ፍርሃት አለ፤ በሌላ ወገን ከትናንት ወዲያ እንኳ ያልነበረ፣ ትናንት የተናገርኳት አንዲት ጸሎት። "ያዘኝ" ነበር ያልኩት። እንግዲህ ይዞኝ እንደሆነ የሚታየው አሁን ነው አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። "ጌታ ሆይ፣ ብሞትም አንተ ጋ ነኝ፣ ብኖርም አንተ ጋ ነኝ" አልኩና እጄን ዘረጋሁ። ስዘረጋው እየተንቀጠቀጠ ነው፤ በድፍረት እንዳይመስላችሁ። እህቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ቆይቶ ነርሱ "ጨረስን" አለ።

"ምኑን?"

"መርፌውን ነዋ።"

አንዱን ዓይኔን ገለጥኩ። ጣሪያው አለ። ሰናይት አለች። እህቴ ከነጠላዋ ሥር "ሞተች?" ስትል ሰማኋት። "አልሞትኩም እታለም! ራበኝ!" አልኳት። ያን ቀን ማንም ዝም በይ አላለኝም። ክብር፣ ክብር፣ ክብር ለኢየሱስ ይሁን!

አሁን ደግሞ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ፤ ጌታ ፊት ውሸት አልናገርም። ቁስሉ ደረቀ፣ ቅርፊቱ ረገፈ። ማቃጠሉ ግን ቶሎ አልተወኝም። ነርቩ ተጎድቷል ተባልኩ፤ ክረምቱን ሁሉ ቆየ፣ ዛሬም ብርድ ሲሆን ጎኔን ቆንጠጥ ያደርገኛል። መድኃኒቱን ገና ውሃ ቋጥሮ ሲወጣ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ብጀምር ኖሮ ይሻል ነበር አሉኝ። የስኳሬን ክኒን እውጣለሁ። ጌታ ሕመሜን ባንድ ቀን አላነሳውም፤ በፍርሃቴ ግን ብቻዬን አልተወኝም። ከዚያ በኋላ ቃሉን ተማርኩ፣ በውሃ ተጠመቅሁ፣ እናንተም እህታችን ብላችሁ ተቀበላችሁኝ። እህቴ በቤተ ክርስቲያኗ አለች፣ አትጣላኝም አልጣላትም፤ ለኔ ስለት ትሳላለች፣ እኔም እጸልይላታለሁ። ልጄም በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ነው፣ እዚህ ትከሻዬ ላይ ነው የሚተኛው። እግዚአብሔር ይመስገን! ደግሞ ይመስገን!

ልጨርስ ነው፣ ሽማግሌው እያዩኝ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ልብሱ ሥር የሚነድበት ሰው ይኖራል። ባንድ ጎኑ፣ ባንድ ትከሻው፣ ወይ ፊቱ ላይ፤ ዓይን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ነገ አይባልም፣ ዓይን ያጠፋል ብለውኛል። ምናልባት ሰው ምን ይለኛል ብለህ ደብቀኸዋል። ምናልባት ቤትሽ ውስጥ አንዷ ጠዋት ጠዋት በስንዝር እየለካችልሽ ይሆናል። አትፍሩ ልላችሁ አልችልም፤ ፍርሃት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁና። እኔ የምላችሁ፣ እየተንቀጠቀጣችሁም ቢሆን የጌታን ስም ጥሩ። ኢየሱስ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይይዛል፤ የኔን ይዟልና ምስክር ነኝ። ሁላችሁ ፊት ደግሞ ማፈር ከሆነ፣ ስንወጣ በሩ ጋ ቀሚሴን ያዝ አድርጉኝ። ምንም አልጠይቃችሁም። ነገ ማለዳ ገበያዬን ትቼ ጤና ጣቢያ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ መርፌው ሲመጣ አንዱን እጃችሁን እኔ እይዛለሁ። እኔም መርፌ ሳይ እስከ ዛሬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አብረን እንጨፍናለን።